እንጀራዬ ሌላ፣ ዘፈኔ ሌላ

ቀን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማታ ዘፈን እሠራለሁ። ግጥሙም ዜማውም የራሴ ነው፤ ክራሩንም የምመታው እኔው ነኝ። አሳታሚ የለኝም፣ ማናጀር የለኝም፣ ፊቴ ቢልቦርድ ላይ ወጥቶ አያውቅም። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ዘፈኔ ተከፍቶ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አብራ ስትለው ቆይታ ሜክሲኮ ወረደች። ዘፋኟ እኔ መሆኔን አላወቀችም። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። ሃምሳን ተሻግሬያለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ግን ዘፈን መሥራት ያቆምኩበት ጊዜ የለም።

ወጣቶች ሲያገኙኝ ብዙዎቹ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «እትዬ፣ ሥራዎን ሳይለቁ እንዴት እስካሁን በሙዚቃው ቆዩ?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ የቆየሁት ሥራዬን ስላልለቀቅኩ ነው ባይ ነኝ። «ሁሉን ጥለህ ህልምህን ተከተል» የሚለው ምክር ቲክቶክ ላይ ሞልቷል። የቤት ኪራይ ግን በህልም አይከፈልም። ኪራይ የደረሰበት ዘፋኝ የተጠየቀውን ይዘፍናል። ሠርግ ላይ የሠርግ፣ ክለብ ውስጥ የሰው ዘፈን። ንቄ አይደለም የምለው። በዚያ ሥራ ልጆቻቸውን ያስተማሩ ጓደኞች አሉኝ፤ በድምፅም ከኔ ይበልጣሉ። ነገር ግን እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የሌላ ሰው ዘፈን ሲዘፍን ያደረ ሰው በማግስቱ የራሱን ለመጻፍ አቅም አያገኝም። አብረውኝ ጀምረው የራሳቸውን ዘፈን የተዉት አብዛኞቹ በዚህ መንገድ ነው የተዉት። ሰነፎች አልነበሩም፤ ደክሟቸው ነው።

ያደግኩት ደሴ ነው። ወሎ ዘፈን የሚታጣበት አገር አይደለም። ባቲም አምባሰልም የቦታ ስም ናቸው፣ የቅኝት ስምም ናቸው፤ ቅኝት ማለት ዜማ የሚሠራበት የኖታዎች ስብስብ ነው። ልጅ ሳለሁ ዘመኑ የደርግ ነበር፤ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበር። እኔም የሕፃናት ኪነት ውስጥ ገባሁ። ስለ መሠረተ ትምህርትና ስለ ምርት እንዘፍናለን። ግጥሙ ከላይ ይመጣል፤ ዜማው ግን የሰፈራችን ነው። ክራር ያስያዘኝ የኪነቱ አሠልጣኝ ነው። እጄ ትንሽ ስለነበር ክራሩን ጉልበቴ ላይ ደግፎ ይዞልኝ ነበር። ቤት ስገባ ደግሞ ሬዲዮ አለ። ማሪቱ ለገሰ ከዘፈነች እናቴ እጇ ሊጥ ውስጥ እንዳለ «ድምፁን ከፍ አድርጊው!» ትለኛለች።

አባቴ ዘፈን ይወድ ነበር። ዘፋኝ ልጅ ግን አይወድም። «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» ይለኛል። ይህ ጥያቄ የተጠየቀበት ቤት ብዙ ነው፤ ዛሬም አልጠፋም። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ግጥሙን እዚያው የሚፈጥር፣ ዜማ የሚሰጠው፣ ራሱ በማሲንቆ አጅቦ የሚዘፍነው ከአዝማሪ ሌላ ማን ነበር? «ተቀበል!» ብለው የወረወሩለትን ስንኝ ሳይደነግጥ ተቀብሎ በዜማ የሚመልስ ሰው እንዴት መናቂያ ይሆናል? ለአባቴ ግን ይህን ደፍሬ አልነገርኩትም። አዲስ አበባ መጥቼ ሒሳብ ተምሬ ሥራ ስይዝ ክርክሩ በራሱ ሞተ። ደመወዝ ያላት ልጅ ማታ ክራር ብትመታ ማን ምን ይላል?

እንጀራዬን ከዘፈኔ መለየቴ መጀመሪያ የሰጠኝ ነገር ይህ ነው፤ ዝም የሚል ቤተሰብ። ሁለተኛው ጊዜ ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ቢሮ የሚውል ሰው ምን ጊዜ አለው? ግን የቢሮ ሰው ሰዓቱን ያውቃል። እኔ ቤት ሐሙስ ማታ የዘፈን ነው። ባለቤቴም ልጄም ያውቁታል፤ እንግዳ ሐሙስ አይጠራም። ስሜት መጣ አልመጣ አልጠይቅም። ክራሬን አወርዳለሁ፣ እቃኛለሁ፣ እቀመጣለሁ። አንዳንዱ ሐሙስ አንድ ስንኝ እንኳ ሳይወጣው ያልፋል። ይለፍ። ወሩን በሙሉ ሐሙስ ማታ የተቀመጠ ሰው አንዱ ላይ የሆነ ነገር ያገኛል። ስሜት ሲመጣ እሠራለሁ የሚል ሰው ግን ስሜቱ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ስብሰባ መሃል ነው።

ዕድሜያችን አልፏል የሚሉኝም አሉ፤ ሠላሳ ሳይሞላቸው። ለእነዚህ የኪቦርድ ተጫዋቹን የጋሽ ኃይሉ መርጊያን ነገር እነግራቸዋለሁ። ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሄዱ፣ እዚያው ቀሩ። በ1985 እ.ኤ.አ. አኮርዲዮን፣ ኪቦርድና ሲንተሳይዘር ይዘው ብቻቸውን አንድ ካሴት ቀዱ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ኑሯቸው ታክሲ መንዳት ነበር፤ ዋሽንግተን አጠገብ ባለው የዳለስ ኤርፖርት። ኪቦርዳቸውን ግን ከመኪናው ኋላ ይጭኑ ነበር። ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስ ይለማመዳሉ። ያ ካሴት በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው፤ እሳቸውም ወደ መድረክ ተመለሱ። ታሪኩን ሰዎች የሚያነሱት ስለ ዕድላቸው ነው። እኔን የሚይዘኝ ኪቦርዱ ነው። ዕድሉ ሲመጣ ጣታቸው ዝግጁ ሆኖ ያገኛቸው በዚያ ኪቦርድ ምክንያት ነው።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም አሉ። በፒያኗቸው ነው ሰው የሚያውቃቸው። ነገር ግን አዲስ አበባ ቤት ውስጥ ተቀምጠው በአማርኛ እየዘፈኑ በካሴት የቀዷቸው ዜማዎችም ነበሩ። እሳቸው በ2023 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም ውስጥ ካረፉ በኋላ በማግስቱ ዓመት ታተሙ። ቅጂው የስቱዲዮ አይደለም። ለዚህ ነው ጥሩ ስቱዲዮ እስካገኝ ልጠብቅ ለሚል ሰው ይህን ቅጂ አድምጥ የምለው።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ።

ከክራር ልጀምር። የኔ ክራር ስድስት ክር አለው። አምስቱ የቅኝቱ አምስት ኖታዎች ናቸው፤ ስድስተኛው የአንዱ ኖታ መደጋገሚያ ነው፣ በኦክታቭ ከፍ ብሎ፣ ማለትም ያው ኖታ ቀጠን ባለ ድምፅ። ስለዚህ ክራር በትዝታ ከተቃኘ ትዝታ ነው የሚጫወተው። ባቲ ሲያምረኝ ክሮቹን እንደገና መቃኘት አለብኝ። ጊታር የለመዱ ልጆች ይህን እንደ ድክመት ያዩታል። ለዘፈን ጸሐፊ ግን ትልቅ ጥቅም ነው። በዚያ ማታ የመረጥኩት ቅኝት ውስጥ እታሰራለሁ፤ ወዲያ ወዲህ ማለት የለም። ዜማ ፍለጋ የሚጠፋው ጊዜ አብዛኛው ምርጫ ሲበዛ ነው። ጊታርም ኪቦርድም ያላችሁ ይህንኑ መሞከር ትችላላችሁ። አንድ ቅኝት ምረጡ፣ ከአምስቱ ኖታዎች ውጪ ለአንድ ሳምንት አትንኩ።

ቅኝቱን ካወቃችሁ ደግሞ አብሯችሁ ለሚሠራው አቀናባሪ ንገሩት። አምባሰልን እንውሰድ። አምባሰል ከመነሻው ሦስተኛ የሚሆነውን ኖታ ይዘለዋል። በፈረንጅ ሙዚቃ ሁለቱን ዋና ስልቶች፣ ሜጀርና ማይነርን፣ የሚለየው ደግሞ ያ ኖታ ነው። ስለዚህ አምባሰል ሜጀርም አይደለም፣ ማይነርም አይደለም። ኪቦርድ ተጫዋቹ እንደ ልማዱ አንድ ሙሉ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) ሲያሳርፍበት ዘፈኑ ሌላ ነገር ይሆናል። ሰሚው ምን እንደጎደለ ላያውቅ ይችላል፤ ግን አምባሰል አልሆነም። እኔ በቤዝና በማሲንቆ ብቻ ይያዝልኝ እላለሁ። አንዳንድ ጊዜ ይሰሙኛል፣ አንዳንድ ጊዜ እሸነፋለሁ። አቀናባሪዎች ባዶ ቦታ አይወዱም።

ግጥም ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ እዚህም ጽሑፍ ላይ ልቆይ። አማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ቤት መምታት እጅግ ቀላል ነው። «መታኝ፣ ሰማኝ፣ ጠላኝ፣ ረሳኝ» እያሉ እስከ ነገ መሄድ ይቻላል። ቀላል በመሆኑ ነው አደገኛ የሆነው። ቤቱ ይመታል፣ ጆሮ ግን ይሰለቻል። ከራሴ ደብተር ምሳሌ ልስጥ። መጀመሪያ የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦

ደጅሽ ላይ ስጠብቅ ዝናቡ መታኝ፣
ስምሽን ስጠራ ጎረቤት ሰማኝ።

ስህተት የለበትም። ግን «መታኝ» ካልኩ በኋላ «ሰማኝ» እንደሚመጣ አድማጩ ከኔ በፊት ያውቃል። ስለዚህ ዋናውን ግሥ ከመጨረሻው ቦታ አነሳሁትና ሌላ ቃል አስቀመጥኩበት፦

ዝናብ እየመታኝ ቆሜ ከበራፉ፣
ስምሽን ስጠራ ሰሙኝ የሚያልፉ።

«በራፉ» ሲባል ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም። ደግሞ ሁለተኛው የወል ቤት ሆነ፤ ስድስት ቀለም፣ ዕረፍት፣ ስድስት ቀለም። ቀለም የምለው ቃሉ ሲነገር የሚከፈልበትን የድምፅ ቁራጭ ነው። ጮክ ብላችሁ በጣታችሁ ቁጠሩት። የወል ቤት ለዜማ የሚመቸው እዚያ መሃል ላይ ባለው ዕረፍት ነው፤ ዘፋኙ የሚተነፍስበት ቦታ ያገኛል፣ ክራሩም የሚመልስበት። ፈጠን ላለ ዘፈን አምስት ለአምስት የሆነውን ሰንጎ መገን እሞክራለሁ። አንድ የግጥም ስልት ይዛችሁ አዝማቹ ላይ ሌላ ብትቀይሩ ደግሞ አዝማቹ ሳትደክሙ ይነሳል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ የድሮ ዘፈኖችን በደብተር እየገለበጥኩ ቀለም ስቆጥር ነው ያየሁት። ለጀማሪ የምመክረው ትምህርት ቤት ይኸው ነው። የምትወዱትን ዘፈን ግጥም በእጃችሁ ገልብጡ።

ሌላው መጥበቅና መላላት ነው። በጽሑፍ አይታይም፣ በዜማ ግን ያጋልጣል። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ ሲላላ «ገና አልደረሰም» ነው። ዜማው «ገ» ላይ ረጅም ኖታ ከጎተተ ጥብቀቱ ይጠፋል፤ በዓሉም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ግጥሙን ከዜማው ጋር ካጋባሁ በኋላ ግጥሙን ለማያውቅ ሰው ቅጂውን በስልክ እልክለታለሁ። የሰማኸውን ጻፍልኝ እለዋለሁ። የተሳሳተው ቃል ካለ ጥፋቱ የዜማው ነው፣ አስተካክላለሁ። እህቴ ለዚህ ሥራ ተፈጥራለች፤ ምንም ሳትራራልኝ ነው የምትጽፈው።

ቀረጻ። በስልክ ጀምሩ። የስልክ መቅጃ ለማስታወሻ በቂ ነው። ለሚወጣ ዘፈን ግን ማይኩን ከኮምፒውተር የሚያገናኝ የድምፅ ካርድ፣ አንድ ደህና ማይክና የጆሮ ማዳመጫ ያስፈልጋል። ማይክ ላይ አንድ ነገር ልበል። ሻጩ ኮንደንሰር ማይክ ይሻላል ይላችኋል። እውነት ነው፣ ዝርዝር ድምፅ ይይዛል። ችግሩ ያ ዝርዝር ውስጥ የጎረቤት ጄነሬተር፣ የውሻ ጩኸትና የባጃጅ ጡሩንባም አለ። ያልታሸገ ክፍል ውስጥ የምትቀዱ ከሆነ መድረክ ላይ የምናየው ዓይነት ዳይናሚክ ማይክ ይሻላችኋል፤ አፋችሁን ጠጋ አድርጉበት። ክፍሉን በውድ ስፖንጅ መሸፈን አያስፈልግም። ልብስ የሞላበት ቁምሳጥን ክፍት አድርጌ ፊቴን ወደሱ አዙሬ፣ ከኋላዬ ብርድ ልብስ ሰቅዬ ነው የምቀዳው። ድምፁ ስትቀዱ ጣሪያ እንዳይነካ፤ ከፍተኛው ቦታ ላይ የድምፅ መለኪያው ከዜሮ በታች ስድስት ዴሲቤል ገደማ ላይ ይቁም። የተሰነጠቀ ድምፅ በኋላ አይታከምም፤ ያነሰ ድምፅ ግን ከፍ ይደረጋል።

ክረምት ከሰዓት በኋላ ድምፅ አትቅዱ። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የኖረ ሰው ለምን እንደሆነ ያውቃል። ሐምሌና ነሐሴን እኔ ለግጥም ነው የምተወው። መብራትም አለ፤ ሲጠፋ ያልተቀመጠ ሥራ አብሮ ይጠፋል። ሶፍትዌሩ በየአምስት ደቂቃው ራሱ እንዲያስቀምጥ አድርጉ፤ ላፕቶፕ ላይ መሥራት ከዴስክቶፕ የሚሻለውም በባትሪው ነው።

ሚክሲንግና ማስተሪንግ፣ ማለትም የተቀዱትን ድምፆች ማመጣጠኑንና የመጨረሻውን ማስተካከያ፣ ግን ለሌላ ሰው ስጡ። እዚህ ላይ ገንዘብ አትሰስቱ። አንድ ዘፈን ሺህ ጊዜ የሰማ ጆሮ ጉድለቱን አይሰማም። የኔ ደመወዝ ለሙዚቃ የሚውለው በዋናነት እዚህ ነው፤ ለዚያም ነው በዓመት ጥቂት ነጠላ ዜማ ብቻ የማወጣው። አልበም ካልሆነ አይቆጠርም የሚሉ አሉ። ማን እንደሚቆጥር አላውቅም።

ስለ መብት ዝርዝር ልግባ፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ወረቀት እወዳለሁ። በድሮው ጊዜ ነገሩ በጣም ጠባብ ነበር። እስከ 1969 እ.ኤ.አ. ድረስ ሸክላ የማሳተም ፈቃድ የነበረው በሀገር ፍቅር ቲያትር በኩል ነው። አምሃ እሸቴ ይህን ጥሶ የግል የሸክላ ኩባንያ ሲያቋቁም ነው የዓለማየሁ እሸቴ ሸክላ የወጣው። በኋላ ካሴት መጣ። በካሴት ዘመን ብዙ ዘፋኝ ማስተሩን፣ ዋናውን ቅጂ፣ ለሙዚቃ ቤት በአንድ ጊዜ ክፍያ ይሸጥ ነበር፤ ካሴቱ ምን ያህል እንደተሸጠ ከዚያ ወዲያ አያገባውም። እኔ በዚያ መንገድ ያላለፍኩት ብልህ ስለሆንኩ አይደለም። ደመወዝ ስለነበረኝ ነው። የተቸገረ ሰው የቀረበለትን ይፈርማል።

አሁን ሕግ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። ለእኛ ዋናው ነጥብ እንዲህ ነው። መብቱ የሚፈጠረው ሥራው ወጥ (ከሌላ ያልተቀዳ) ሆኖ በተጨባጭ ነገር ላይ ሲሰፍር ነው፤ በወረቀት ወይም በቅጂ። ማንም ማኅተም አይመታበትም። ስለዚህ ሻይ ቤት ያንጎራጎራችሁት ገና ጭንቅላት ውስጥ ያለ ዜማ ከሆነ ለመከራከር ይከብዳችኋል፤ በስልካችሁ የቀዳችሁት ከሆነ ግን ቀን አለው። ሐሙስ ማታ ስጨርስ የመጨረሻ ሥራዬ የዚያን ማታ ቅጂ ለራሴ በኢሜይል መላክ ነው። ምዝገባ ደግሞ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ጋ ይደረጋል፤ ግዴታ ባይሆንም ለማስረጃ ይጠቅማል።

የዘፈን ጠብ አብዛኛው የሚመጣው ግን ከሌባ አይደለም። ከጓደኛ ነው። እኛ አገር ዘፈን ላይ ሦስት ነገር ይጻፋል፤ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር። ስቱዲዮ ውስጥ ሞቅ ሲል አቀናባሪው አዝማቹ ላይ አንድ ዜማ ይጨምራል፣ ጊታሪስቱ አንድ ስንኝ ይለውጣል። ያን ቀን ሁሉም ደስተኛ ነው። ዘፈኑ ሲሰማ ግን እያንዳንዱ ሰው ድርሻው ትልቅ እንደነበር ያስታውሳል። ስለዚህ ከስቱዲዮ ሳልወጣ አንድ ገጽ እናዘጋጃለን። የዘፈኑ ስም፣ ቀን፣ ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን፣ ገቢ ቢመጣ ለማን ስንት እጅ። ሁላችንም እንፈርማለን፣ በስልክ ፎቶ እናነሳዋለን። መጀመሪያ ስጠይቅ «እኛ እኮ ወንድምና እህት ነን» ይሉኛል። እኔም «ወንድሜ ስለሆንክ ነው» እላለሁ።

ዘፈኑን ማውጣት በጣም ቀሏል። እንደ ዲስትሮኪድና ቲዩንኮር ያሉ አከፋፋዮች ገንዘብ እየተቀበሉ ስፖቲፋይ፣ አፕል ሚዩዚክና ሌሎችም ላይ ይጭኑላችኋል። እንደ ሰዋሰው ያሉ የአገር ውስጥ መተግበሪያዎችም አሉ። ሦስት ነገር ብቻ ላስጠንቅቅ። ስማችሁን በላቲን ፊደል አንድ ጊዜ ወስኑና አትቀይሩት። «ፀሐይ» የሚለውን ስም ሰው በአራት ዓይነት ይጽፈዋል፤ መተግበሪያው ደግሞ አራት ዘፋኝ አድርጎ ይቆጥራችኋል፣ ዘፈኖቻችሁም ይበታተናሉ። ሽፋን ፎቶው አራት ማዕዘን ይሁን፣ 3000 በ3000 ፒክስል። የሚወጣበትን ቀን ደግሞ ሦስት አራት ሳምንት አርቁት። ስፖቲፋይ ለአጫዋች ዝርዝር አዘጋጆቹ ዘፈን እንድታቀርቡ የሚፈቅደው ከመውጣቱ በፊት ነው፤ ቢያንስ ሰባት ቀን ቀደም ብሎ። ዛሬ ጭኖ ነገ የሚያወጣ ሰው ይህ ያመልጠዋል።

ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢ እንዲያካፍል፣ በረጅም ቪዲዮ ከሆነ፣ አንድ ሺህ ተከታይና በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ አራት ሺህ የዕይታ ሰዓት ይጠይቃል። ለብቻው ለሚሠራ ሰው ረጅም መንገድ ነው። ሊደርስ ይችላል፤ ግን የቤት ወጪ በሱ አታቅዱ። ክሊፕ ደግሞ ግዴታ አይደለም። ሰው ለአንድ ክሊፕ ተበድሮ፣ መኪና ተከራይቶ፣ ከዚያ ለሁለት ዓመት ዘፈን ሳይሠራ ሲቀር አይቻለሁ። የኔ ቪዲዮዎች አንድ ፎቶና እየተጻፈ የሚሄድ ግጥም ናቸው። ከአዲስ አበባ ቀጥሎ የሚያዳምጡኝ ዋሽንግተን አካባቢና አረብ አገር ናቸው። አረብ አገር ያሉት አብዛኞቹ ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች ናቸው። አንዷ «እትዬ፣ እኔ ስልኬን ኪሴ ውስጥ አድርጌ ነው የምሰማዎት» ብላ ጻፈችልኝ። ለሷ ክሊፕ ምን ይሠራላታል? የሚከፍለው ካለም በሰው እጅ ነው የሚመጣው። አገር ውስጥ ላሉት በቴሌብር መላክ የሚፈልግ ካለ እንዲልክ ቁጥር እጽፋለሁ፤ አንዳንድ ወር የኢንተርኔት ክፍያዬን ይሸፍናል። የበለጠ ጠብቄ አላውቅም፣ ስለዚህ ቅር ብሎኝም አያውቅም።

መድረክ የምወጣው አልፎ አልፎ ነው። ለዘፈኑ ለራሱ ጆሮ የሚሰጥ ቤት ከተማችን ውስጥ ብዙ የለም፤ ያለውም አይበረክትም። ጣይቱ ሆቴል ጃዛምባ ነበረ፣ ጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ጠፋ። ካዛንቺስ ፈንድቃ ነበረ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ሰፈሩ ሲፈርስ ከቦታው ተነሳ። ስለዚህ መድረክ ካልተገኘ አትቀመጡ። ካፌ፣ የሥዕል ኤግዚቢሽን መክፈቻ፣ የመጻሕፍት ምረቃ ላይ ተጫወቱ። የመጻሕፍት ምረቃ በተለይ እወዳለሁ። ግጥም ሊሰማ የመጣ ሰው ስንኝ አያመልጠውም፤ ደግሞ በጊዜ ያልቃል፣ በማግስቱ ሥራ አለ። ክፍያውን ግን ከመሄዳችሁ በፊት ተነጋገሩ። «ለኤክስፖዠር ነው»፣ ማለትም ስምሽ እንዲታወቅ ብቻ ነው፣ የሚል ካለ ታክሲውንና ራቱን ይቻል፤ ካልቻለ ሐሙስ ነው፣ ቤቴ ልሂድ እላለሁ።

የመጨረሻው ነገር ማስቀመጥ ነው። የተጠናቀቀውን ዘፈን ብቻ አይደለም የምላችሁ። እያንዳንዱ መሣሪያ ለየብቻ የተቀዳበትን ፋይል ከስቱዲዮው ተቀበሉ፤ ስቱዲዮ ይዘጋል፣ ሃርድ ዲስክ ይቃጠላል። አንድ ቅጂ ቤት፣ አንድ ቅጂ ዘመድ ጋ፣ አንድ ቅጂ ክላውድ ላይ። የፈረማችኋቸው ወረቀቶችም አብረው ይቀመጡ። በሕጋችን የደራሲው መብት ዕድሜውን በሙሉና ከሞተ በኋላ ሃምሳ ዓመት ይቆያል። ሃምሳ ዓመት ማለት የልጅ ልጅ ነው። ስለዚህ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ይኑር። የአከፋፋዩን አካውንት የይለፍ ቃል ልጄ ታውቃለች። አባቷ አያውቅም፤ እሱ ምንም ነገር በልቡ አይቆይለትም።